ልጅሽ በግድግዳው ትሰማለች

ሐጂራ የምትኖርበት ቤት ድሮ የአንድ ነጋዴ የእህል ማከማቻ ነበር። ቀበሌው ሲረከበው በጭቃ ግድግዳ ከሦስት ከፈለውና ለሦስት ሰው ሰጠው። በአስፋልቱ በኩል ያለው ክፍል ለጌጤ፣ መሃሉ ለሐጂራ፣ ወደ ወንዙ የሚያየው ለጋሼ አስፋው ደረሰ። ግድግዳዎቹን ያቆሙት ሰዎች ወይ ጭቃ አልቆባቸዋል፣ ወይ መሽቶባቸዋል፤ ጣሪያው ጋ ሊደርሱ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ትተውት ወርደዋል። በዚያ ክፍተት ጭስ ይሻገራል፣ ድመት ይሻገራል፣ ከሁሉ በላይ ግን ወሬ ይሻገራል።

ጌጤ ስታስነጥስ ሐጂራ «ይማርሽ!» ትላታለች። ጌጤም ከግድግዳው ማዶ «ያኑርሽ!» ትላለች። ጌጤ ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት፤ ዶሮዎቿን በስም እየጠራች ስትሰድብ ነው የምትውለው። ጋሼ አስፋው ደግሞ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ ብቸኛ ሰው ናቸው። ፀሐይ ሳትበረታ የጀመሩትን ቅጥቀጣ የሚያቆሙት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሙቀቱ በረድ ሲል እንደገና ይጀምራሉ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመጣ ወዲህ በሸዋ ሮቢት ኩራዝ የማይፈልግ ቤት ስለሌለ መዶሻቸው እረፍት አጥቷል።

ከሐጂራ ክፍል የሚሻገረው የንባብ ድምፅ ነው። ዘመቻው በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት ተመዝግባ ፊደሉን ጨርሳ ወደ ንባቡ ገብታለች። ድምፅ ሳታወጣ ማንበብ ግን አልሆነላትም። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ በጆሮዋ ካልገባ ያነበበችው አይመስላትም።

«በ... ሬ... በሬ። በሬው ሣ... ር... ሣር...»

«ነጨ!» ትላለች ጌጤ ከማዶ።

«አይደለም ጌጤ፣ ‹ሣር በላ› ነው የሚለው።»

«የኔ በሬ ይነጫል። ቀጥይ።»

ጋሼ አስፋው አይናገሩም። ሐጂራ ስታነብ ግን መዶሻቸው ቀስ ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርስ መልሶ ይበረታል። ሐጂራ ይህን የምትወስደው እንደ ቅሬታ ነበር። ‹ረበሽኳቸው› ትልና ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። እንዲህ ናት፤ ሰው አስቸግራ እንዳይሆን ስትሰጋ የምትኖር ሴት። ውሃ ስትቀዳ እንኳ ከሌሎች ቀድማ እንዳይሆን ሁለት ጊዜ ዞራ ታያለች።

ከዚያ ክፍል የጠፋው የልጅ ድምፅ ነው።

ልጇ ሙሚና ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ከዓመት በፊት «ውሃ» ትል ነበር፤ «አባ» ትል ነበር፤ የጌጤን ዶሮዎች ስታይ «ኩኩ» ትል ነበር። ከዚያ ኩፍኝ ያዛት። ኩፍኙ ሲለቃት ከሁለቱም ጆሮዎቿ መግል ይፈስ ጀመር። ሐጂራ በንጹሕ ጨርቅ እየጠረገች፣ ዱዓ እያስደረገች፣ ሰው ይበጃል ያላትን ሁሉ እየሞከረች ሁለት ወር ቆየች። በመጨረሻ መግሉ ደረቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነችልኝ ብላ ሐኪም ቤት ልትወስዳት ያሰበችውን ተወችው። መግሉ ሲደርቅ ግን ቃላቱም አብረው ደረቁ። ሙሚና ስትጠራ ዞር የማትል፣ ስትቆጣት የማትደነግጥ፣ የምትፈልገውን በእጇ ብቻ የምታሳይ ልጅ ሆና ቀረች።

ነገሩን ስም አውጥተው የጠሩት የሐጂራ አማት፣ እማ ፋዲላ ናቸው። ከቀወት ገጠር ለገበያ መጥተው የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው መንገድ ዳር ሲሄዱ እጇ አፈተለከ። ከኋላ ጋሪ እየመጣ ነበር። ጋሪ ነጂው «ዞር በይ! ዞር በይ አንቺ ልጅ!» እያለ ጮኸ። ሙሚና ጎንበስ ብላ ጠጠር ታነሣለች። ጎማው ከእግሯ አንድ ስንዝር ርቆ አለፈ።

እማ ፋዲላ ልጅቷን ታቅፈው ገቡ።

«ይቺ ልጅ ጆሮ የላትም» አሉ። «እውነቱን እንነጋገር ሐጂራ። ጆሮ የላትም።»

«እማዬ፣ ልጅ እኮ ናት፤ ልቧ ጨዋታ ላይ ሆኖ ነው።»

«የፈረስ ኮቴ ከኋላዋ እየመጣ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሽላው ሲሰበሰብ እመጣለሁ። ይዣት እሄዳለሁ። እኛ ዘንድ ጋሪ የለ፣ መኪና የለ፤ ከፍየሎቹ ጋር ትውላለች፣ ከኔ ጋር ታድራለች።»

«ልጄን እንዴት...»

«ልጅሽን ነው የማተርፍልሽ! ዛሬ ጋሪ ነው፤ ነገ ከደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና ይሆናል። ያ ደግሞ ዞር በይ እንኳ አይልም።»

የሐጂራ ባል አብዱልሃዲ አዋሽ ከወረደ፣ ከጥጥ እርሻው ከገባ ስድስት ወሩ ነው፤ ከእናቱም ቃል ወጥቶ አያውቅም። በሹፌር ያስላከችው መልእክት መልሱ «እናቴ ያለችውን አድርጊ፤ እኔም እያዘንኩ ነው» የሚል ሆነ። ስለዚህ ሐጂራ በየቀኑ ማሽላውን ታያለች። ከከተማው ዳር ያለው ማሳ ዘለላው ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ወፍ የሚጠብቁት ሰዎች ከማማው መውረድ ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ ሙሚና አንድ ልማድ አወጣች። በጋሼ አስፋው በኩል ያለው ግድግዳ መሃል ላይ ጭቃው ተልጦ የወጣ የእንጨት ምሰሶ አለ። ሙሚና ጠዋት እንደተነሣች እዚያ ትሄድና ጉንጯን ከምሰሶው ጋር አጣብቃ ትቀመጣለች። ፍርፍሯን እዚያው ትበላለች፤ እንቅልፍም እዚያው ይወስዳታል። ሐጂራ ልጅቷን ራሷን አሟት ይሆን፣ ቅዝቃዜው ደስ ብሏት ይሆን እያለች ስትጨነቅ፣ ሌላ ጣጣ መጣ። ልጅቷ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ እራስ አግኝታ ምሰሶውን ትመታበት ጀመር። ደግ፣ ደግ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ደግ፣ ደግ፣ ደግ።

«ተይ ልጄ! ጋሼ አስፋው ሥራ ላይ ናቸው!» ትላታለች ሐጂራ፤ የምትናገረው ለጋሼ አስፋው ጆሮ መሆኑን እያወቀች። ከዚያ አንሥታ ታርቃታለች። ሙሚናም ዳዴ እንደሚሄድ ልጅ በእጅና በእግሯ ተመልሳ እዚያው ትገባለች።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ሐጂራ በሯን ስትከፍት ወረቀት አገኘች። ከሲጋራ ካርቶን የተቀደደ፣ በእርሳስ የተጻፈበት ነው። በበሩ ሥር ገፍተው አስገብተውታል። የጋሼ አስፋው በር በውጭ ተቆልፏል፤ ኩራዛቸውን ተሸክመው በካራቆሬና በአጣዬ ገበያ ሊሸጡ መሄዳቸው ነው፤ እንዲህ ሲወጡ ከዐሥር ቀን በፊት አይመለሱም።

ሐጂራ በዕድሜዋ ወረቀት ደርሷት አያውቅም። የመጀመሪያውን ቃል ስታየው የራሷ ስም ነው። ጣቷን ከሥሩ አድርጋ፣ ጌጤ እንዳትሰማ በሹክሹክታ አነበበች።

«ለ... ሐጂራ። ልጅሽ... በግድ... ግዳው... ትሰማለች። ዝም አትበያት። ስመለስ... እናወራለን። አስፋው።»

ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜም አነበበችው። እኚያ ሰው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀው ጎረቤቷ፣ በልጇ ማንኳኳት ተማርረው እስከ መጻፍ ደርሰዋል። የልጅሽ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይመጣል፤ ዝም ብለሽ አትያት፤ ስመለስ እንነጋገርበታለን። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እሷ ራሷ ስንት ወር የፈራችው ነገር ቁልጭ ብሎ ተጽፎላት መጣ። ማንበብ መቻሏ ለዚህ በጀ!

ወረቀቱን አጥፋ በደብተሯ መሃል ደበቀችው። ከዚያ ሥራ ጀመረች። የበቆሎውን እራስ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሦስት ባዶ ጆንያ አገጣጥማ ሰፍታ ከላይ እስከ ታች በምሰሶው ላይ ሰቀለችው፤ የእህል ሣጥኗንም ጎትታ አስጠጋችበት። የሙሚናን ሰሌን ወደ ጌጤ ግድግዳ አዛወረች። የራሷንም ንባብ አቆመች፤ ጌጤም ተማርራ ሊሆን ይችላላ፣ ማን ያውቃል?

ቤቱ ጭር አለ። ጋሼ አስፋው ስለሌሉ መዶሻ የለም፤ በሬውም ሣር አይበላም። ሙሚና ሣጥኑን ለመግፋት ስትታገል ትውላለች። አልሆን ሲላት ጆንያው ሥር ተቀምጣ ድምፅ የሌለው ልቅሶ ታለቅሳለች፤ በሦስተኛው ቀን ፍርፍሯንም ሳትነካ መለሰች።

«ሐጂራ!» አለች ጌጤ አንድ ቀን ከማዶ። «ሞታችኋል እንዴ?»

«ኧረ አለን፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እንግዲያ በሬው የት ገባ? ተሸጠ?»

«አሞኝ ነው፤ ጉሮሮዬን።»

«ዶሮዎቼ እንኳ ጭንቅ ብሏቸዋል። ያንቺን ንባብ ካልሰሙ እንቁላል አይጥሉም።»

ሐጂራ ሳቀች፤ ሳቋንም ወዲያው በነጠላዋ አፈነችው።

በትምህርቱም እንዲሁ ሆነች። ትምህርቱ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሙሉ የምትባለው አስተማሪ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ጠመኔ ከእጇ የማይለያት ወጣት ናት። ሐጂራን ስታስነሣት ሐጂራ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

«ሐጂራ፣ ለራስሽ ነው የምታነቢው ወይስ ለኛ?»

ከኋላ የተቀመጡት አዛውንት አሊዪ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። «ወላሂ እኔ ደነቆርኩ ብዬ ደንግጬ ነበር! እሷ ናትና ተመስገን ነው።»

ሁሉም ሳቀ። ሐጂራ ተቀመጠች። ደብተሯ ውስጥ ያለውን ወረቀት ለሙሉ ላሳያት አላሳያት ስትል ቆየች። ‹በሕይወትሽ የመጀመሪያው ወረቀት የክስ ወረቀት ነው?› የምትላት መሰላትና ደብተሩን ዘጋችው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነው፣ እማ ፋዲላ መጡ። አህያቸውን በር ላይ አሰሩ። አንድ አቁማዳ አዲስ ማሽላ ይዘዋል፤ ለሙሚናም አዲስ ቀሚስ አሰፍተውላታል። ሐጂራ ቀሚሱን ስታይ ነገሩ እንደተቆረጠ ገባት።

«የአስር ሰላት ሰግደን እንነሣለን» አሉ እማ ፋዲላ። «አህያዋ ደከም ብላለች፤ ትንሽ ትረፍ።» ከዚያ የሐጂራን ፊት አዩና ድምፃቸው ላላ። «አብሽሪ ልጄ። እኔ ጠላትሽ ነኝ? በየገበያው አመጣልሻለሁ።»

ሐጂራ ቀሚሱን ለልጇ አልብሳ ጨርቃጨርቋን ማጣጠፍ ጀመረች። ሙሚና ጆንያው ሥር ናት። በዚህ መሃል ከማዶ ቁልፍ ሲንቋቋ፣ በር ሲከፈት፣ ቆርቆሮ መሬት ሲወድቅ ተሰማ። ጋሼ አስፋው ተመልሰዋል።

ሐጂራ የያዘችውን አስቀመጠች። ስመለስ እናወራለን ብለዋል፤ እሳቸው ከሚጠሯት እሷ ብትሄድ ይሻላል። ወረቀቱን ከደብተሯ አወጣች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ በተከፈተው በራቸው ፊት ለፊት፣ ውጭ፣ ቆመች።

«ጋሼ አስፋው፣ እንኳን በደህና መጡ።»

«እንኳን ደህና ቆየሽኝ።» አቧራ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ግን ብሩህ ነው። «ወረቀቴ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል። አውፍ ይበሉኝ ጋሼ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ልጄን ነዋ! ከዚያ ቀን ወዲህ አንዴም አላንኳኳችም። ጆንያ ሰቅያለሁ፣ ሣጥንም አስጠግቻለሁ። ከዛሬ በኋላማ ጭራሽ አትረብሽዎትም። አያቷ ሊወስዷት መጥተዋል።»

ጋሼ አስፋው በእጃቸው የነበረውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡ።

«ጆንያ ለምን?»

«ድምፅ እንዳያልፍ።»

«ድምፅ እንዳያልፍ ማን አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! በወረቀቱ!»

«እኔ?» ደረታቸውን በጣታቸው ነኩ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

ሐጂራ ወረቀቱን ዘረጋች። ከዐሥር ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አነበበች። «ልጅሽ በግድግዳው ትሰማለች» አለች፤ ‹ሰ›ንም ‹ማ›ንም ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርጋ፤ ጩኸት በየቤቱ ይሰማል እንደሚባለው።

«ኧረ አላልተሽ አንብቢው!» አሉ ጋሼ አስፋው። «አላልተሽ!»

«ምኑን?»

«ቃሉን ነዋ! አንዱ ፊደል ሲጠብቅ ሌላ ነው፣ ሲላላ ሌላ ነው። አላስተማሯችሁም እንዴ?» ከዚያ ራሳቸው፣ ወረቀቱን ሳያዩ፣ ‹ሰ›ንም ‹ማ›ንም አላልተው ቃሉን አሉት፤ ሰው በጆሮው ይሰማል እንደሚባለው። «ትሰማለች! ልጅሽ ትሰማለች። በጆሮዋ። በግድግዳው በኩል ትሰማኛለች። እሱን ነው የጻፍኩልሽ።»

ሐጂራ ወረቀቱን አየችው። ፊደሎቹ እንደነበሩ ናቸው፤ አንድም አልተጨመረ፣ አንድም አልተነሣ።

«ዝም አትበያትስ?»

«ዝም አትበያት ማለት አነጋግሪያት ማለት ነው! ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት ጋሼ?» አለች፤ መቃኑን ይዛ።

«ባልሽ በሌለበት በርሽን አላንኳኳ። በክፍተቱ ልጩኽ እንዳልል የልጅ ነገር ነው፤ ጌጤ ሰማች ማለት ገበያው ሰማ ማለት ነው። ደግሞ...» እፍረት ያዛቸው። «ማንበብ ጀምረሻል፣ ወረቀት የሚጽፍላት የለም ይሆናል፣ ደስ ይላታል ብዬ ነው።»

«ጌጤ ምን አለች?» የሚል የራሷ የጌጤ ድምፅ ከሩቁ ግድግዳ መጣ።

ጋሼ አስፋው ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሯት። የሚቀጠቅጡበትን ብረት ያቆሙት ከዚያ ምሰሶ አጠገብ ነው። አንድ ቀን ሁለቴ መትተው ቆም ሲሉ ከማዶ ሁለቴ ተመለሰላቸው። «አይጥ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ሦስት መታሁ፤ ሦስት መጣ። አይጥ ደግሞ አይቆጥርም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነው የምንጫወተው። ስታነቢ የማዘገየውም ንባብሽን እንዳልሸፍንባት ነው፤ ምሰሶው ላይ ተለጥፋ አንቺንም እንደምትሰማ አላውቅም ብለሽ?»

«እና ስጠራት ለምን አትዞርም?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁ። ቆርቆሮ ግን አውቃለሁ፤ ሲደፈን ድምፁ ይታፈናል እንጂ ቆርቆሮው አይጠፋም። በነፋስ የሚመጣው አልገባት ይሆናል፤ ጭንቅላቷን ካስነካች ግን ይገባታል።»

«እኔም አልደነቆርኩም፤ ሰምቻለሁ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ በክፍተቱ መጣ። እማ ፋዲላ ናቸው። «ሰውዬ፣ እንደሱ በቃል አይሆንም። አሳዩኝ!»

ሐጂራ ሮጣ ገባች። ሣጥኑን ገፋች፤ ጆንያውን ለማውረድ ክሩን ለመፍታት ትዕግሥት አጥታ ቀደደችው። ሙሚና እናቷ ምን እንደነካት ሳይገባት አንድ ጊዜ አየቻትና፣ የተገለጠውን ምሰሶ ስታይ ሄዳ ጉንጯን ለጠፈችበት። እማ ፋዲላ ከኋላዋ ተቀመጡ።

«በሉ እንግዲህ!» አሉ።

ከማዶ መዶሻው ሁለቴ መታ።

ሙሚና አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ወለሉን ዳበሰች፤ የበቆሎ እራሷን እየፈለገች ነው። ስታጣው እጇን ጨበጠችና በአንጓዋ ምሰሶውን መታች። አንዴ። ሁለቴ።

«ቧ!» አሉ እማ ፋዲላ። «ይድገሙት!»

ሦስት መጣ፤ ሦስት ተመለሰ። አራት መጣ፤ ሙሚና መምታት ጀምራ ሰባት ስምንት አደረሰችው።

«አራት አይደለም!»

«አራት ትምህርት ቤት ነው የሚለመደው እመቤቴ!» አሉ ጋሼ አስፋው ከማዶ።

እማ ፋዲላ ግን አልሳቁም። «ብረት ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ብረት ድንጋይንም ያንቀጠቅጣል። ጋሪ ነጂ በመዶሻ አይጣራም ሐጂራ። የሰው ድምፅ ነው የምፈልገው። ስትጠራ ከመጣች፣ ወላሂ አልነካትም።»

ሐጂራ ወጣች። ጋሼ አስፋው መምጣቷን ሲያዩ መንገድ ለቀቁላት፤ እሷም በጎረቤትነት አራት ዓመት ረግጣው ወደማታውቀው ክፍል ገባች። ምሰሶው እዚህም ጭቃው ተልጧል። ተንበረከከች፣ አፏን አስጠጋች።

«ሙሚና» አለች።

ለራሷም እምብዛም አልተሰማትም። ሰው እንዳላስቸግር እያለች ስንት ዓመት ያሳነሰችው ድምፅ ነው፤ ውጣ ሲሉት ወዲያው አይወጣም።

«ምንም የለም!» አሉ እማ ፋዲላ በክፍተቱ።

«ጠበቅ አድርጊው» አሉ ጋሼ አስፋው ከደጅ። «አሁን ነው ማጥበቅ።»

ሐጂራ ከንፈሯን ከእንጨቱ ጋር አጣበቀች። «ሙሚና! ሙሚናዬ! ነይ!» ብላ ጮኸች። አቧራ ከጣሪያው ረገፈ፤ የጌጤ ዶሮዎች ተንጫጩ። «ሙሚና! እናትሽ ነኝ! ነይ ወደኔ! ነይ!»

ከማዶ መልስ አልመጣም። ማንኳኳትም አልመጣም፤ እማ ፋዲላም ምንም አላሉም። ሐጂራ ግንባሯን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። አንድ፣ ሁለት ቆጠረች፤ ከዚያ በላይ መቁጠር አቃታት።

«ዞር በይና እይ» አሉ ጋሼ አስፋው።

ዞረች። ሙሚና በአዲሱ ቀሚሷ፣ ባዶ እግሯን፣ በሩ ላይ ቆማለች። ከሷ ኋላ እማ ፋዲላ ጫማቸውን ሳያደርጉ፣ ሻሻቸው ከራሳቸው ተንሸራትቶ፣ ተከትለው መጥተዋል።

«ተነሥታ ወጣች» አሉ። «እኔ ምንም አላልኳት። ጉንጯን ምሰሶው ላይ ለጥፋ ነበር፤ ቀና አለች፤ ተነሥታ ወጣች።»

ሙሚና እናቷን አየች፣ ምሰሶውን አየች፣ የቆርቆሮውን ክምር አየች። ሐጂራ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ መጥታ እቅፏ ውስጥ ገባች።

«ትሰማለች!» አለች ሐጂራ፤ እያለቀሰች ነው። «ጌጤ! ልጄ ትሰማለች!»

«የሷን እንጃ» አለች ጌጤ ከወዲያኛው ጫፍ። «አንቺ ግን እስከ ደብረ ሲና ትሰሚያለሽ!»

እማ ፋዲላ በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ እንደ ወትሯቸው ሆኑ። «አህያዋ ዛሬ እዚሁ ታድራለች» አሉ። «ነገ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን። ያኔ መግሉ እንደደረቀ መውሰድ ነበረብን፤ አንቺም ጠፋሽ፣ እኔም ጠፋሁ። እኔ ልጅቷን እይዛለሁ፤ አንቺ የሚሰጡንን ወረቀት ታነቢያለሽ።»

«እሺ እማዬ።»

«ግን ቶሎ አትደንግጪ። አንዴ አጥብቀሽ፣ አንዴ አላልተሽ አንብቢው፤ የሚሻለውን እንይዛለን።»

ጋሼ አስፋው ሳቃቸው አመለጣቸው። ሙሚና ከእናቷ እቅፍ ወርዳ ምሰሶው ጋ ሄደች። በዚህ በኩል አይታው አታውቅም። ጉንጯን ለጠፈች፣ በአንጓዋ ሁለቴ መታች፣ ጠበቀች። ማዶ ቤቱ ባዶ ነውና መልስ አልመጣም። ደግማ መታች፤ ወደ እናቷም ዞራ አየች።

ሐጂራ ተነሥታ ልትመልስላት ወደ ቤቷ ሄደች።